በጓንግና በሽንፋ ዳር ለሚያድሩ ሁሉ ማሳሰቢያ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጋመስ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ወንዞች መጉደል ይጀምራሉ። ጓንግ፣ ሽንፋ፣ ገንዳ ውሃና አይማ ድፍርሳቸውን ጥለው ይጠራሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ውሃው እየሳሳ ሄዶ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ይወጣል። መጋቢት ሲገባ በብዙ ቦታ የሚፈስ ነገር አይቀርም፤ እዚህም እዚያም የተቋጠረ ኩሬ ብቻ ነው። ባሕር ለሌለው የመተማ ሰው የባሕር ዳርቻው ይኸው አሸዋ ነው፤ ልጅ ይዋኝበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ መንገደኛም ያድርበታል።

ማሳሰቢያው ለማን እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ። ድንኳን ይዞ፣ ካሜራ አንግቶ ወደ አልጣሽ ፓርክ የሚወርድ ጎብኚ አለ፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። ወንዝ ዳር በብዛት የሚያድረው ሌላ ሰው ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ አለ፤ ወደ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የሚጓዝ ምእመን አለ፤ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ አሉ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባ ስደተኛ አለ። ከዚህ በታች የተጻፈው ለሁሉም ነው፤ ይበልጥ የሚጠየቅበት ግን ምርጫ ኖሮት ለመዝናናት የመጣው ነው። ሠራተኛው ያለ አጎበር የሚተኛው ስላጣ ነው፤ እርስዎ ግን ከቤት ረስተውት ከሆነ ሰበብ የለዎትም።

ከመውረድዎ በፊት መንገዱን ይጠይቁ፤ አይሆንም ከተባሉ ይመለሱ። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ ይወርዳል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተፈጠረው ግጭት የተነሳ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ሊያድር ይችላል። ባለፈው ወር ደርሶ የተመለሰ ወዳጅዎ የነገረዎት አይበቃም፤ በዚያው ዕለት ጠዋት የመናኸሪያ ሾፌሮችን ይጠይቁ፣ ለሚሄዱበት ወረዳም ይደውሉ። በጨለማ አይጓዙ። የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ነግረው ይሂዱ።

ድንበሩ አጠገብ ካሜራዎን ይክተቱ። መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ገላባት የሚለያቸው በበጋ የሚደርቅ ቀጭን ወንዝ ነው፤ ማዶው ቅርብ በመሆኑ ብቻ «እስቲ ልርገጠው» ብሎ የሚሻገር ሞኝ አይጠፋም። የተሻገረው ግን የሁለት አገር ድንበር ነው። ድልድዩን፣ ጉምሩኩን፣ ኬላውንና ወታደሩን ፎቶ አያንሱ። ስደተኛንም እንዲሁ፤ ልጁን አዝሎ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው የማንም የፎቶ ማስታወሻ መሆን የለበትም። ታሪክ ማየት ከፈለጉ ከተማዋ ራሷ ታሪክ ናት፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚሁ ነው፤ ስሟም ከእሳቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ከወንዙ ሆድ ውስጥ አይደሩ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ ከተባሉ ይህን ያስታውሱ። አሸዋው ንጹሕ፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ቀኑን በሙቀት ሲገረፍ የዋለ ሰው እዚያ ጋደም ማለት ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጓንግ የሚሞላው መተማ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ጭልጋና የጎንደር ደጋ ላይ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዶፍ፣ ቆላው ላይ ኮከብ እየታየ፣ ሌሊት ከተኙበት ይደርሳል። ጓንግ ድንበሩን ተሻግሮ አትባራ ከተባለ በኋላ የሚሆነውን እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ጽፎታል። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1861 ሌሊት ከሰዎቹ አንዳንዶቹ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ተኝተው ነበር። ከሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ የአገሬው ሰዎች «ወንዙ መጣ!» ብለው እየጮኹ የተኛውን አስነሡ፤ ዕቃቸውን ጎትተው ዳር ለመውጣት ነበር ያ ሁሉ ሩጫ። ሲነጋ ትናንት በእግር የሄዱበት አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኖ አገኙት። በሰፈሩበት ቦታ አንዲት ጠብታ አልዘነበም ነበር፤ ውሃው የወረደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ስለዚህ ከግንቦት እስከ መስከረም ወንዝ ውስጥ ማደር ጨርሶ አይታሰብም። በደረቁ ወራትም ቢሆን ድንኳንዎን ከላይኛው ዳር ይትከሉ። ወንዙ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ዛፎቹን ይመልከቱ፤ ጎርፍ አምጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎት የሄደው ገለባና ጭራሮ ካለ ከእሱ በላይ ይውጡ። መኪናዎን አሸዋው ላይ አያሳድሩ። የጠራው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ዕቃ ልሰብስብ አይበሉ፤ ልጆቹን ይዘው ይውጡ።

ኩሬ አፋፍ ላይም አይስፈሩ። ቢያንስ 60 ሜትር ይራቁ። ይህ ብዙ ሰው የማይገባው ነው፤ «ውሃው አጠገብ ካልሆንኩማ ምን ልሠራ መጣሁ?» ይላል። በበጋ የቀረችው ኩሬ ግን ተረኛዋ ብዙ ነው። ጠዋት ውሃ ቀጂ ሴቶች፣ ረፋድ ላይ እረኞች፣ ከሰዓት ልብስ አጣቢ፣ ማታ ደግሞ ቀን ሰው ፈርቶ የዋለ የዱር እንስሳ ይመጣባታል። እርስዎ አፋፉ ላይ እሳት አንድደው ሙዚቃ ከፍተው ካደሩ፣ የሌሊቱ ተረኛ ሳይጠጣ ያድራል። በአካባቢው ሌላ ኩሬ ላይኖር ይችላል።

በኩሬ ዳር መስፈር አዲስ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና ጆን ካፔልማን የመሩት ጥናት፣ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ስለተቆፈረ አንድ የጥንት መስፈሪያ ይተርካል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እዚያ ሰፍረው ዓሣ አጥምደዋል፤ አድነዋል፤ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶችም ትተው ሄደዋል። ከስለቶቹ አንዳንዶቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አልቀሩም። ዘመኑ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው፤ ከፍንዳታው የተበተነ፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ እዚሁ ቆላ ላይ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ከዚያ በኋላ በጋው ሲጠና ሰዎቹ ይበልጥ ወደ ዓሣ አዘነበሉ፤ ወንዙ ወደ ኩሬ ሲበጣጠስ ዓሣው በጠባብ ውሃ ታፍጎ ለመያዝ ይቀላልና። ይህን የሽንፋ እረኛም ያውቀዋል፤ መጽሔት አላስፈለገውም።

የቀለለ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ወንዙ መልሶ እስኪሞላ ድረስ በኩሬዋ ያለው ዓሣ የቀረው ዘር ነው። በመንጠቆ የሚበሉትን ያህል ይያዙ። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ያንሳፍፋል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ውሃ ከብትና ሰው ይጠጣዋል። ይህ ልማድ ይቅር። የወባ አጎበርን መረብ አድርጎ ጫጩት ዓሣ መጥረግም እንዲሁ ይቅር፤ አጎበሩ የተሰጠው ለሌላ ሥራ ነው።

ስለ መታጠብ አጭር ነው፦ ከላይ ይቀዳል፣ ከታች ይታጠባል፤ ከብት መሐል ይገባል። ሳሙናና ኦሞ ይዘው ኩሬ ውስጥ አይግቡ፤ በጀሪካን ቀድተው ርቀው ይታጠቡ፣ ዕጣቢውንም እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት። ሴቶች የሚታጠቡበት ቦታና ሰዓት በየቀበሌው የታወቀ ስለሆነ ጠይቀው ይወቁ፣ ወደዚያም አይሂዱ። ያልፈላ ወይም ያልታከመ ውሃ አይጠጡ። የቆመ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መነከር ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ይችላል። የደፈረሰ ኩሬ ውስጥ ልጅ አይዋኝ፤ ቤከር በዚያ ጉዞው የአትባራ የበጋ ኩሬዎች አዞና ጉማሬ ከዓሣው ጋር እንደሚታጎሩባቸው አይቷል። አዞ ዛሬ በየትኛው ኩሬ እንዳለ የሚነግርዎት የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ሽንት ቤት። ሁሉም ያፍርበታል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ የተነሣው ቋራ ውስጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን በሚሰበሰቡበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ነበር። በሽታው የጸበሉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለ በቂ መጸዳጃና ያለ ንጹሕ ውሃ አንድ ቦታ ሲሰፍር የትም የሚመጣ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ የሚያሰፍር የእርሻ ባለሀብትም ይህን ያንብብ፤ ሠራተኛ ከመጥራቱ በፊት ጉድጓድ ያስቆፍር። ብቻዎን ከሆኑ ከውሃ 60 ሜትር ርቀው፣ ከጎርፍ መንገድ ውጭ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው ይቅበሩ። አሸዋ ውስጥ አይቅበሩ፤ የመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ ጠርጎ ኩሬ ውስጥ ይጨምረዋል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አብሮዎት ያለ ሰው እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ከጀመረው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጡ፤ ነገ እናየዋለን አይባልም።

ከግራር ሥር፣ ዋልካ ላይ አይተኙ። የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥና የግራሩ ሥር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀኑን ተሸሽጋ ትውላለች። ከምሽት እስከ ንጋት ወጥታ ትናከሳለች። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ የላትም፤ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ አጎበር ውስጥ ሾልካ ትገባለች። ከመተማ እስከ ሑመራ ባለው ቆላ በብዛት የሚታመሙት ለሥራ የወረዱ ወጣቶች ናቸው፤ በሙቀቱ ምክንያት ደጅ፣ ያገኙት ጥላ ሥር ይተኛሉና። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚገድል በሽታ ነው። ስለዚህ ቀን ለጥላ የመረጡትን ግራር ለሌሊት አይምረጡት፤ ከስንጥቅ አፈር ርቀው፣ ሣሩ የተመታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ቢቻል በገመድ አልጋ፣ ቀዳዳው በጠበበና መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይደሩ። ሲመሽ እጅጌና ሱሪዎ ረጅም ይሁን። ወባውም አለ፤ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ ይበረታል፤ ስለ መከላከያ ክኒን ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የሚሻለው ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት መተማ ላይ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያኔ ለመዝናናት መውረድ አይመከርም፤ የግድ ከሆነ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ይያዙ፣ ጥማት ሳይጠብቁ ይጠጡ። ከርከዴ ጥሩ ነው፤ ቢራ ግን ውሃ አይተካም።

ጫማዎን ሳያራግፉ አያጥልቁ። ጊንጥ ይገባበታል። ሌሊት ያለ ባትሪ አይራመዱ። እባብ የነደፈውን ሰው አይብጡት፣ አይምጠጡለት፣ እግሩንም በገመድ አያንቁ፤ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርገው፣ ሳያስሮጡ፣ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያድርሱት።

እሳት። ከኅዳር በኋላ ሣሩ ክብሪት ይጠብቃል። የመተማና የቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚታጠነው፣ ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን ከዚህ ይወጣል። በመተማ ዙሪያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ያረጁት ዛፎች እየሞቱ በምትካቸው የሚያድግ ችግኝ እንደሌለ አሳይቷል፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚያልቅ ተንብዮአል። ችግኙ እንዳያድግ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ በየዓመቱ ሣሩን እየጠረገ የሚያልፈው ሰደድ እሳት ነው። ከዚያ እሳት ምን ያህሉ ከመንገደኛ የተረፈ ፍም እንደሚነሣ የቆጠረ የለም፤ የእርስዎ ግን ከቁጥሩ አይግባ።

ቢቻል በቡታጋዝ ያብስሉ። እንጨት ማንደድ ግድ ከሆነ አሸዋ ላይ፣ ትንሽ እሳት፣ ወድቆ በደረቀ እንጨት ብቻ። ቁም ዛፍ አይቁረጡ፤ ሽመል ለድንኳን ምሰሶ አይጨፍጭፉ። የዕጣን ዛፍ አያድሙ፤ ለቀማው ባለቤትና ወቅት አለው፤ ያለ ዕውቀት የተቆረጠ ቅርፊት ለተባይ በር ይከፍታል። ሲነሡ ውሃ ያፍስሱበት፣ ያማስሉት፣ እጅዎን ያስጠጉበት፤ ካቃጠለዎት አልጠፋም። ነፋስ ባለበት ቀን እሳት የለም፤ ደረቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለምን ተፈጠረ?

ወደ አልጣሽ የሚገቡ ከሆነ ያለ ጥበቃ ሠራተኛ አይግቡ። ፓርኩ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ድንበር ላይ የሚገናኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በተደበቀ ካሜራ አንበሶች እንዳሉበት አረጋገጡ፤ የዓለም ጋዜጦች «የማይታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። የቋራ ሰው ሲያገሣ እየሰማ ያደገውን ነው «ተገኘ» የተባለው፤ ይሁን፣ በፎቶ መረጋገጡ ለጥበቃው ይጠቅማል። ለእርስዎ ግን ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በጨለማ ከድንኳን ርቀው አይሂዱ፣ ሥጋ ደጅ አያሳድሩ፣ ልጅ ብቻውን አይላኩ። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። «አንዲት ቆቅ ብቻ» የሚባል ፈቃድ የለም። የቋራ ከተማ ገለጎ ሲደርሱ መጀመሪያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተው ይመዝገቡ፣ ክፍያውን ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ ያልተሰጠበት ክፍያ ለፓርኩ አልደረሰም።

የተጠረበ ድንጋይ ካዩ አያንሡ። ሽንፋ ዳር ስለተቆፈረው የጥንት መስፈሪያ ከላይ አንብበዋል፤ አሸዋው ላይ ያገኙት ትንሽ ስለት ከቦታው ከተነሣ ታሪኩ ያልቃል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውን መዝግበው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ይንገሩ።

ስለ ሰው። እርስዎ ባዶ ሜዳ ያሉት ቦታ የአንድ ሰው ግጦሽ፣ የሌላው የንብ ቀፎ ማንጠልጠያ ነው። ከመስፈርዎ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ መንደር ሄደው «እዚህ ብናድር ይፈቀዳል?» ብለው ሽማግሌ ይጠይቁ፤ መጠየቅዎ ብቻ ግማሹን ጥበቃ ይሰጥዎታል። የጉሙዝ መንደር ሲገቡም እንዲሁ፤ ሴቶችንና ልጆችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ፣ ለልጆች ገንዘብ አይበትኑ። እንደ ማኅበረ ሥላሴ ባሉ ገዳማት የገዳሙ ሥርዓት ይቀድማል፤ ማን ይገባል፣ እስከ የት ይገባል የሚለውን በር ላይ ጠይቀው ያክብሩ። ጸበል ቦታ የታመመ ሰው አይቀረጽም።

ቆሻሻ። ያመጡትን ይዘው ይመለሱ። የተቀበረ ፌስታል ጎርፍ ያወጣዋል፤ የወጣውን ከብት ይበላዋል፤ የበላች ላም ትሞታለች። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ዘንቢል ይያዙ።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ደግሞ ይህ ነው። ካላዛር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ይቆያል። በጥር መተማ ያደረ ሰው በግንቦት አዲስ አበባ ወይም ደብረ ታቦር ላይ ሊታመም ይችላል፤ ያኔ ጉዞውን ረስቶታል፤ ሐኪሙም ላይጠረጥረው ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ከታየብዎት፣ ካርድ ባወጡ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገሩት «ከወራት በፊት መተማ ወንዝ ዳር አድሬ ነበር» የሚለውን ይሁን። በሽታው መድኃኒት አለው፤ መተማ ሆስፒታልና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያክሙታል። አብሮዎት ያደረ የቀን ሠራተኛ ስልክ ካለዎት ለእሱም ደውለው ይንገሩት።